ስድስት ፍሬ ወይስ ስምንት?

ነገሩ የሆነው ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ ነው። ታካሚዋ ከኮምቦልቻ የሐረጎን አቀበት ወጥተው የሚመጡ የ52 ዓመት ሴት ናቸው። ሩማቶይድ አርትራይተስ (ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) እንዳለባቸው ከታወቀ ሁለት ዓመት ሆኗል። ለዚሁ በሽታ የሚሰጠውን ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን 15 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 2.5ቱን ስድስት ፍሬ ይወስዳሉ፤ ፎሊክ አሲድ ደግሞ በሌላ ቀን። እጃቸው ካምናው ጋር አይገናኝም። ያበጠ መገጣጠሚያ የለም፤ ሲነካ የሚያማቸው የቀኝ እጅ አንጓቸው ብቻ ነው። ጠዋት ጣታቸው ተሳስሮ የሚቆየውም ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው።

የላብራቶሪው ወረቀት ግን ሌላ ይላል፦ በሰውነት ውስጥ ቁጣ መኖሩን የሚጠቁመው የደም ምርመራ፣ ኢኤስአር፣ 49።

ሐኪሙ የበሽታውን ጉልበት የሚለካው ዳስ 28 በሚባለው ስሌት ነው። ስሌቱ ከ28 መገጣጠሚያዎች ስንቱ እንደሚያም፣ ስንቱ እንዳበጠ፣ ታካሚው ራሱ ሕመሙን ከ0 እስከ 100 ስንት እንደሚሰጠው (እሳቸው 30 ብለዋል) እና ኢኤስአርን ያዋህዳል። የወጣው 3.7 ነው። ከ3.2 በላይ ከሆነ በሽታው "መካከለኛ" ይባላል፤ መድኃኒት ይጨመራል። ስድስቱን ፍሬ ስምንት ሊያደርግ ብዕሩን ካነሳ በኋላ ነው እጃቸውን እንደገና ዳስሶ "ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?" ያለው።

ላብራቶሪ ተደወለ። ባለሙያው መጀመሪያ ያየው ቱቦዎቹ የቆሙበትን መደገፊያ ነበር። የጠረጴዛው አንድ እግር ሥር ተጣጥፎ የተሸጎጠው ካርቶን ረግቦ ኖሯል። ብዕር በክር አንጠልጥሎ እንደ ግንበኛ ቱንቢ አጠገቡ ሲይዘው፣ ቱቦው በግልጽ ዘምሟል። ኢኤስአር የሚለካው ቀይ ሕዋሳት በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረዱ ስለሆነ፣ ቱቦው ከዘመመ ሕዋሳቱ በታችኛው ግድግዳ ላይ ተንሸራተው ይወርዳሉ፤ ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) በላይኛው በኩል መንገድ ያገኛል። ሦስት ዲግሪ ያህል መዝመም ውጤቱን እስከ 30 በመቶ ሊያሳድገው ይችላል። (በደሴ ብርድ ደግሞ የተገላቢጦሹ አለ፤ ጠዋት ክፍሉ ከ18 ዲግሪ በታች ከሆነ ውጤቱ ያንሳል። ከኮምቦልቻ በመኪና የሚመጣ ናሙናም ከተቀዳ አራት ሰዓት ሳያልፈው መቆም አለበት።)

መደገፊያው ተስተካከለ፤ አራት እጅ ደም እንዳይረጋ ከሚያደርገው አንድ እጅ ሲትሬት ጋር እንደገና ተቀላቅሎ ቆመ። በሰዓቱ 38። ስሌቱ 3.5 ሆነ። ወረደ እንጂ ከ3.2 በታች አልገባም፤ ኢኤስአሩም በ52 ዓመት ሴት ከ31 ገደማ በላይ ከሆነ አሁንም ከፍ ያለ ነው። ሄሞግሎቢናቸው 12.4 ስለሆነ በደም ማነስ አይመካኝም። ሰውነት ሲቆጣ በደም የሚበዛውን ፕሮቲን (ሲአርፒን) የሚፈልገው የጠብታ ምርመራ፣ የሲአርፒ ላቴክስም ተሠራ። እሱ ደግሞ ልክ በሁለት ደቂቃው መነበብ አለበት፤ ከቆየ ጠብታው ጠርዙ ላይ ሲደርቅ የረጋ ይመስላል፣ ብዙ "ፖዘቲቭ" የሚወለደው እዚያ ነው። በትክክል ተነቦ፣ ናሙናው በግማሽ ቀጥኖም ረጋ፤ 12 ሚሊ ግራም በሊትር መሆኑ ነው። ስለዚህ ከቱቦው መዝመም ሌላ ትንሽ እሳት አለ ማለት ነው።

ነርሷ ሜቶትሬክሴት አፍ ስለሚያቆስል ሁሌ የምትጠይቀውን ጠየቀች።

"እትዬ፣ አፍዎ ውስጥ ቁስል አለ?"

"ቁስል እንኳን የለም ልጄ። ስፍቅ ይደማል እንጂ። እሱንም ትቼዋለሁ፤ መፋቂያው ከእጄ ይወድቃል።"

ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌታቸው ታየ፤ 268,000፣ ጤነኛ ቁጥር። መድማቱ ከመድኃኒቱ አይደለም። የጥርስ ሐኪሙ በሚሊ ሜትር የተሰመረውን ቀጭን ብረት በድድና በጥርሱ መሀል ሲያስገባ ታችኞቹ መንጋጋዎች ዙሪያ 5 እና 6 ገባለት፤ ጤነኛ ድድ ከ3 አያስገባም። ብረቱ በነካበት ሁሉ ደም።

የድዱና የመገጣጠሚያው ዝምድና ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ተራ ነው፤ የተቆጣው ድድ የሚለቀው ኢንተርሊኪን 6 የተባለ መልእክተኛ ፕሮቲን በደም ጉበት ይደርሳል፣ ጉበት ሲአርፒና ፋይብሪኖጅን ያመርታል። ቀይ ሕዋሳትን እንደ ሳንቲም ደራርቦ ቶሎ የሚያወርዳቸው ፋይብሪኖጅን ነው። ሲአርፒ ምንጩ ከደረቀ በ19 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ኢኤስአር ግን ሳምንታት ይፈጃል። ሁለተኛው ረቀቅ ይላል። ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የተባለው የድድ ባክቴሪያ በፕሮቲን ላይ ያለውን አርጂኒን ወደ ሲትሩሊን የሚለውጥ ኢንዛይም አለው። ሰውነት የተለወጠውን ፕሮቲን እንደ ባዕድ ሊቆጥረው ይችላል፤ በሩማቶይድ ምርመራ የሚፈለገው አንቲ ሲሲፒ የተባለው ፀረ እንግዳ አካልም የሚለየው በሲትሩሊን የተለወጡ ፕሮቲኖችን ነው። ይህ ባክቴሪያ ብቻውን በሽታውን ያመጣል ማለት ግን አይቻልም።

መድኃኒቱ ባለበት ቆየ። ጥርሳቸው በሁለት ቀጠሮ፣ እያደነዘዙ፣ ከድድ ሥር ድረስ ተጠረገ። ከዚህ እኩል ዋጋ ያለው ነገር የብሩሹ እጀታ ነበር፤ ስፖንጅ ተጠቅልሎበት በፕላስተር ታሰረና ወፈረ፣ የማይጨበጥ ጣት እንዲይዘው። ይህ ባይደረግ ድዱ በሦስት ወር ተመልሶ እዚያው ነበር።

በስምንተኛው ሳምንት ኢኤስአር 22፣ ሲአርፒ ላቴክስ ኔጋቲቭ፣ ስሌቱ 3.1 ሆነ። ፍሬው ስድስት እንደሆነ ቀረ። ይህ ሁሉ የድዱ ሥራ ነው ብሎ መማል ግን አይገባም፤ ሜቶትሬክሴቱም በነዚያ ሳምንታት ሥራውን አላቆመም፣ በዚህ ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም ሁሉም አንድ ውጤት አልሰጡም። ሲአርፒ 60 እና 80 የሆነበትን ታካሚ በድድ አሳብቦ መሸኘት ደግሞ ከባድ ስህተት ነው። መግል የቋጠረ ጥርስ ከሌለ በስተቀር ድድ ያን ያህል አያነሳውም፤ ሌላ ኢንፌክሽን ወይም የነቃ መገጣጠሚያ ይፈለግ።

የሴትዮዋ የቀኝ እጅ አንጓ አሁንም ሲነካ ያማቸዋል። ከጠረጴዛው እግር ሥር ካርቶኑ ወጥቶ ጠፍጣፋ ብረት ገብቷል፤ ብዕሩ ከነክሩ መደገፊያው ጎን ተሰቅሏል።