ክንፉ እስኪዘረጋ

ኅዳር መግቢያ ላይ ቀለሜንና ብሩሼን ሸክፌ በአምቦ መንገድ ወጣሁ። ገፈርሳ ከአዲስ አበባ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የከተማችን የመጠጥ ውሃ የሚጠራቀምበት ግድብ ዳር ሁለት ሳምንት ላድር።

ሬዚደንሲ የሚባለውን ነገር ለዓመታት ስመኘው ኖሬያለሁ። ሠዓሊ ወይም ሙዚቀኛ ማደሪያና መሥሪያ ቦታ ተሰጥቶት ለሳምንታት ከሥራው ጋር ብቻ የሚከርምበት ነው። በሌላው ዓለም ጫካ መሃል፣ ረግረግ ዳር ያሉ አሉ፤ ወፍ የሚሥል ሰው ከወፎቹ ጋር ይነጋለታል፣ ይመሽለታል። እኛም ዘንድ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በጭቃና በጭድ ያነጹት፣ በ2011 ዓ.ም. መካኒሳ የተከፈተው ዞማ ሙዚየም አርቲስቶችን ይቀበላል። የእኔ ልብ ግን ውሃው ዳር ነበርና አንዲት እናት ቤት ትንሽ ክፍል ተከራየሁ።

የመጣሁት ለባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ አገር የለውም። ከፎቶ ስሥለው አንገቱን ሁልጊዜ ቀና አደርገው ነበር፤ ተሳስቼ ኖሯል። አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ ያሳርፋል፤ እየተራመደ እንኳ! ይህን ፎቶ አልነገረኝም። ስሙን ያሰጠው ሰማያዊ ደግሞ ቆሞ ሲግጥ እምብዛም አይታይም። ሦስት ቀን ሙሉ ግራጫና ቡናማ ብቻ ሣልኩ።

በአራተኛው ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር፣ ጣቶቼ እርሳስ አልያዝ ብለዋል። አንድ እረኛ ከብቶቹን ወደ ውሃው ሲነዳ ዝይዎቹ ተነሡ። ያ ሰማያዊ! በብዙ ውሃ የቀጠነ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል። ያየሁት ለአፍታ ነው፤ ቀለሙን ስበጠብጥ ግን ረፈደ።

አንድ ቀን መናገሻ ሱባ ደን ደርሼ ተመለስኩ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው ይባላል። ከጽዱና ከወይራው መሃል ሶሪት አየሁ። የብዙ ወፎች አረንጓዴ ብርሃን ላባቸው ላይ ሲሰበር የሚፈጠር ነው፤ የሶሪት አረንጓዴና ቀይ ግን መዳብ ያለበት እውነተኛ ቀለም ነው። ለሠዓሊ ይህ ትልቅ ዜና ነው። ቀዩም እንደ ዝይው ሰማያዊ ክንፏ ውስጥ ተሸሽጎ ይቆይና ስትበር ቦግ ይላል። ከከተማ ለግማሽ ቀን ደርሶ መልስ የሚመጣ ሰው እነዚህን ሁለት ቀለሞች የሚያገኘው ዕድል ከቀናው ነው።

ልሰናበት ስል እማማ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አዩ። አንገቱን ያጠፈውን ሲያዩ ሳቁ፤ "ይቺማ የኛዋ ይብራ ናት፣ በርዷት ነው" አሉ። ክፍሉን ለሌላ ሠዓሊ ይሰጡ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ጨዋ ከሆነ ይምጣ ልጄ። ብርድ ልብስ ግን ይያዝ በይው።"