በጨለማ ክፍል የፈካ ጉበት

ዛሬ እዚህ ሐዋሳ፣ የላቦራቶሪውን መብራት አጥፍተን በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ያየሁት ነገር ከዓይኔ አልጠፋም። በስሱ የተቆረጠ የአይጥ ጉበትና ኩላሊት ባለበት ስላይድ ላይ የታካሚ ሴረም (ከደም የተለየ ጥርት ያለ ፈሳሽ) ጨመርን፤ አጠብን፤ በሴረሙ ውስጥ ያለውን የታካሚውን አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን) የሚይዝ፣ ፍሎረሰሲን የተባለ ቀለም የተያያዘበትን ሁለተኛ አንቲቦዲ አስከተልን፤ ደግመን አጠብን። ሰማያዊው ብርሃን ሲያርፍበት የጉበቱ ሕዋሳት በአረንጓዴ ፈኩ፤ አስኳላቸው ብቻ ጥቁር ክብ ሆኖ ቀረ። የኩላሊቱ ቱቦዎችም ደምቀዋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ እጥበቱ ነው። ያልተጣበቀው ሁሉ ታጥቦ ይሄዳል፤ የሚያበራው ዒላማውን አጥብቆ የያዘው ብቻ ነው። አልበርት ኩንስና ባልደረቦቹ አንቲቦዲን ከሚያበራ ቀለም ጋር ማያያዛቸውን ያሳወቁት በ1941 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ዛሬም ይሠራል!

ይህ ገጽታ ኤልኬኤም-1 የተባለውን አንቲቦዲ ይጠቁማል። ሰውነት የገዛ ጉበቱን በሚያጠቃበት ሕመም፣ በተለይ በልጆች ላይ ይገኛል። በቫይረስ በሚመጣው የጉበት በሽታ፣ በሄፓታይተስ ሲ፣ በተያዙ አንዳንድ ሕሙማንም ስለሚታይ ግን ብቻውን አይበቃም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ልጅ ሲመጣ ቫይረሱን ብቻ ፈልገን እንዳናቆም እለምናለሁ፤ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ይህ ሕመም በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው።

ነገ ሴረሙን እያቀጠንን እስከ ስንት እጥፍ እንደሚያበራ እናያለን። ለልጆች አሥር እጥፍ ቀጥኖ (1:10) ማብራቱ እንኳ ትርጉም አለው።