ጨረቃ፣ ጭምብል፣ ሴት ልጅ፦ የ14 ወር የኮሪያኛ ማስታወሻ

ባለፈው ሳምንት ድምፃቸው ከሚቀራረብ 60 የኮሪያኛ ቃላት 53ቱን በጆሮዬ ብቻ ለየሁ። ሲያዩት ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ግን አምስት ወር ለፍቼበታለሁ፤ ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም። በዚያውም «ከእስያ ቋንቋዎች የትኛውን ልጀምር?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ መልስ ይሁናችሁ።

መጀመሪያ ስለ ምርጫው። አብዛኞቻችን የምንማረው በእንግሊዝኛ በተዘጋጀ መጽሐፍና ቪዲዮ ነው። ምክሩም የሚመጣው ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነው። እነሱ ዘንድ አንድ የታወቀ ሰንጠረዥ አለ፤ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ከማሠልጠን ያገኘው ግምት ነው። ኢንዶኔዥኛ 900 የክፍል ሰዓት ገደማ፣ ታይኛና ቬትናምኛ 1,100፣ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛ ደግሞ 2,200። እኔም ገልብጬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ሰዓቱ የተሰላው አፉን በእንግሊዝኛ ለፈታ ሰው መሆኑን ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው።

ኢንዶኔዥኛን ስድስት ሳምንት ሞከርኩ። በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ ግሱም በጊዜ አይለዋወጥም። ለብዙ ቁጥር ቃሉን መድገም ይበቃል፤ «ኦራንግ» ሰው፣ «ኦራንግ ኦራንግ» ሰዎች። ቶሎ ማውራት ለሚፈልግ ሰው ያለ ማመንታት እሱን እመክራለሁ። የተውኩት ማታ ማታ ጓጉቼ የማደምጠው ነገር ስላላገኘሁበት ብቻ ነው። ቻይንኛ ላይ ሦስት ሳምንት ቆየሁ፤ ቃናዎቹን፣ ማለትም የቃሉን ትርጉም የሚለውጠውን የድምፅ ከፍታና ዝቅታ፣ ወደድኳቸው፣ ሥራ በዛብኝና ተቋረጠ። ጃፓንኛን ሁለት ወር ይዤው ነበር። ስተወው ለጓደኞቼ «ፍላጎቴ ጠፋ» አልኳቸው። እውነቱ ሌላ ነው። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉትን ሁለት የድምፅ ፊደላት ጨርሼ ካንጂ ላይ፣ ከቻይንኛ የተወረሱት ምልክቶች ላይ፣ ስደርስ፣ ለመደበኛ ንባብ የተመረጡት ምልክቶች ብቻ 2,136 መሆናቸውን አየሁ። አንዱ ምልክት ደግሞ ሁለት ሦስት ዓይነት ንባብ አለው። ፈራሁ። ያኔ መፍራቴን ብናገር ኖሮ አይዞህ የሚለኝ ሰው አላጣም ነበር።

ወደ ኮሪያኛ የሳበኝ ፊደሉ ነው። ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1443 ሠርቶ በ1446 ለሕዝብ ያወጣው ፊደል ነው፤ ዛሬ መሠረታዊዎቹ 24 ናቸው። ትርጉሙን ባላውቅም በሁለት ቀን ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ ሰዋስው መጣ። የእንግሊዝኛው መጽሐፌ ግስ መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ ለማስረዳት ብዙ ገጽ ፈጅቷል። እኔ ዘለልኩት። «ቼግል ኢልገሰዮ» ማለት መጽሐፍ አነበብኩ ማለት ነው። «ቼክ» መጽሐፍ ነው፣ ከኋላው የተለጠፈችው «እል» የኛን «ን» ሥራ ትሠራለች፣ ግሱም መጨረሻ ላይ ያርፋል። ከአማርኛ ለተነሳ ሰው ቤቱ የገባ ያህል ነው። 2,200 ሰዓቱ እኔን አይመለከትም ብዬ ደመደምኩ።

ድምፁ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ።

ኮሪያኛ «ተ»ን የሚመስሉ ሦስት ድምፆች አሉት። አንዱ የላላ፣ አንዱ ትንፋሽ ያለው፣ አንዱ የጠበቀ ነው። በመጀመሪያው ጨረቃ ይባላል፣ በሁለተኛው ጭምብል፣ በሦስተኛው ሴት ልጅ። ቀሪው የቃሉ ክፍል አንድ ነው፤ ሦስቱም በ«አል» ያልቃሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ለጀማሪ ሁሉ ኮሪያኛን በላቲን ፊደል አትጻፉ እላለሁ። ዛሬም በዚህ አልደራደርም። እኔ ግን ደብተሬ ላይ በግዕዝ ፊደል እጽፍ ነበር። ጨረቃን «ዳል»፣ ጭምብልን «ታል»፣ ሴት ልጅን «ጣል»። ደ፣ ተ፣ ጠ፤ ሦስት ለሦስት ገጠመልኝ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ያላቸው ሁለት ብቻ ስለሆነ ሦስተኛው ያስጨንቃቸዋል፣ እኔ ግን «ጠ» አለኝ ብዬ ተዝናናሁ። ስድስት ወር በዚሁ ሄድኩ።

አንድ ቀን ቋንቋ የምንለዋወጣት ልጅ አስቆመችኝ። «ሴት ልጅ ስትል ጉሮሮህ ውስጥ የሆነ ነገር የተሰበረ ይመስላል» አለችኝ። ጨረቃን ስልላት ደግሞ የቱን እንዳልኩ ጭራሽ አልገባትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ጠ» ስንል ጉሮሯችንን ዘግተን አየሩን አፍነን እናፈነዳዋለን። የኮሪያኛው የጠበቀ ድምፅ ጉሮሮን ወጠር ያደርጋል እንጂ አይፈነዳም፤ ያለ ትንፋሽ ጸጥ ብሎ ነው የሚለቀቀው። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ «ስቶፕ» በሚለው ቃል ውስጥ ከ«ስ» ቀጥሎ እንዳለው «ት» ነው ይል ነበር። ልክ ነው። እኔ ግን ይሄ ለእነሱ የተጻፈ ነው ብዬ ዘልዬው ነበር። የላላው ደግሞ ቃል ሲጀምር ፈጽሞ «ደ» አይደለም። ጣታችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉና «ደ» በሉ፤ ይነዝራል። የኮሪያኛው እዚያ ቦታ ላይ አይነዝርም። «ደ» የሚመስለው በሁለት አናባቢዎች መካከል ሲገባ ነው።

ታዲያ ጨረቃና ጭምብል በምን ይለያሉ? ይህን ያሳየኝ ፕራት የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲዎቹ ፖል ቡርስማና ዴቪድ ዊኒንክ የሠሩት ነው። መልኩ አያምርም፣ ለመልመድም ቀናት ይፈልጋል። ግን የተቀዳ ድምፅ ስታስገቡበት የቃናውን መስመር ይስልላችኋል። የሦስት ወጣት የሴኡል ተናጋሪዎችን ቅጂ አስገባሁ። ጨረቃ መስመሩ ከታች ይጀምራል። ጭምብልና ሴት ልጅ ከላይ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለወራት ትንፋሹን ብቻ ሳሳድድ፣ ተናጋሪዎቹ የላላውን የሚለዩት በአብዛኛው በቃና ነበር። ቻይንኛን ትቼ ስመጣ ቃና ከኋላዬ የቀረ መስሎኝ ነበር።

አሁን የማደርገው ይህ ነው። ዝቅ ብሎ ከጀመረ ጨረቃ ነው። ከፍ ብሎ ከጀመረ ትንፋሹን እሰማለሁ፤ ካለው ጭምብል፣ ከሌለው ሴት ልጅ። ስናገር ከአፌ ፊት ቀጭን ወረቀት እይዛለሁ። ጭምብል ላይ ወረቀቱ መወዛወዝ አለበት፣ ሴት ልጅ ላይ ዝም ማለት አለበት።

የጠበቀውን ለማውጣት የረዳኝ ደግሞ የገዛ አማርኛዬ ነው፣ ግን በ«ጠ» በኩል አይደለም። «አለ» ስንል አንዴ ተናገረ፣ አንዴ ይኖራል ማለታችን ነው፤ የሚለየው የ«ለ» መጥበቅና መላላት ነው። የኮሪያኛው የጠበቀ ድምፅ ቃል መሃል ሲገባ እንደዚሁ ረዘም ብሎ ይያዛል። ሴት ታላቅ ወንድሟን የምትጠራበትን «ኦፓ»ን «ፓ»ን አጥብቃችሁ ሞክሩት። ቃል መጀመሪያ ላይ ሲሆን አንዲት «እ» አስቀድማለሁ። «እታል» እላለሁ፣ «ታ»ን አጥብቄ። ከዚያ «እ»ን በሹክሹክታ፣ ቀጥሎም በሐሳብ ብቻ። ፊደላቸውም እኮ ይህንኑ ሲነግረኝ ነበር፤ የጠበቀው የሚጻፈው የላላውን ፊደል ሁለት ጊዜ በመደርደር ነው። ስድስት ወር ሙሉ እያየሁት ደብተሬ ላይ «ጠ» እጽፍ ነበር። ያንን ደብተር ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ።

ለምርጫ የምትቸገሩ፣ ሰንጠረዡን ተዉትና ለአንድ ሳምንት በየቀኑ 20 ደቂቃ የሦስት ቋንቋዎችን ንግግር ስሙ። ምንም ሳይገባችሁ መስማት ያልሰለቻችሁን ያዙ። የተናጋሪ ብዛት እያያችሁ አትምረጡ፤ ቻይንኛን ስጀምር ያደረግኩት እሱን ነው፣ አላዋጣኝም። የቃላት ካርድ ደግሞ ያለ ድምፅ አትሥሩ። እኔ 1,400 ካርድ ያለ ድምፅ ሠርቼ፣ አሁን አንድ በአንድ ድምፅ እያስገባሁባቸው ነው። ገና 300 ላይ ነኝ።

ሰዋስውን በተመለከተ የምመክረው የለኝም፤ ባለፉት አምስት ወራት አንድ ምዕራፍ እንኳ አልገፋሁም። ይህ ልክ ይሁን ስህተት ገና አልወሰንኩም።

ከትናንት ጀምሮ ወደ «ጀ»፣ «ቸ»፣ «ጨ» መሳዮቹ ተሻግሬያለሁ፤ መተኛት፣ በእግር መምታት፣ ጨዋማ መሆን። የመጀመሪያው ውጤቴ ከ60 ቃላት 31 ነው። ቃናው ላይ ብቻ እንዳልደገፍ፣ ከወጣቶቹ ይልቅ በትንፋሹ የሚለዩ የሸመገሉ ሰዎች ቅጂ እፈልጋለሁ፣ ያላችሁ ላኩልኝ።