ሀብታም አገር፣ አጭር ዕድሜ

ዛሬ ከሰዓት የሀብታም አገሮችን አማካይ የዕድሜ ጣሪያ ሳነጻጽር ዋልኩ። ሥራ ፈት አትበሉኝ፣ ነገሩ ይስባል።

ጃፓን የሚወለድ ልጅ በአማካይ 84 ዓመት ገደማ ይኖራል ተብሎ ይጠበቃል። ስዊዘርላንድም እዚያው ናት። አሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 76.4 ወርዳ ነበር። ኮቪድ ነዋ ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፣ ክፉኛ መቷታል፤ በ2023 ወደ 78.4 ተመልሳለች። ክፍተቱ ግን ከኮቪድ በፊትም ነበር። በ1980 አካባቢ ከእኩዮቿ እምብዛም አትርቅም ነበር። ከዚያ ሌሎቹ ሲገሰግሱ እሷ አዘገመች።

የሚያናድደው ገንዘቡ ነው። አሜሪካ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርቷ 17 በመቶ ገደማ ለጤና ታወጣለች፤ ጃፓን 11 በመቶ አካባቢ። ከዚህ በላይ ምን ይወጣል?

ሐኪም ጠፍቶ አይደለም። ለካንሰር ሕክምና ከዓለም ሰው የሚጎርፈው ወደ እነሱ ነው። ውፍረትና የልብ ሕመም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። አማካዩን ክፉኛ የሚጎትተው ግን የወጣቱ ሞት ነው፤ ዕፅ፣ ጥይት፣ የመኪና አደጋ። በ2021 ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ከመጠን ባለፈ ዕፅ ሞቷል። የ25 ዓመት ልጅ ሲሞት የሚጎድለው የ50 ዓመት ዕድሜ ነው፤ የ85 ዓመት አዛውንት ሲያርፉ ግን ስሌቱ ብዙም አይነቃነቅም።

ደግሞ እዚያው አገር ውስጥ፣ እጅግ ሀብታም በሆኑት 1 በመቶ ወንዶችና እጅግ ድሃ በሆኑት 1 በመቶ መካከል ወደ 15 ዓመት የሚጠጋ የዕድሜ ልዩነት ተገኝቷል። 15 ዓመት! ታዲያ 78.4 የሚባለው የማን ዕድሜ ነው?