199 ደረጃ

ካራቫኗን (የጉዞ ቤታችንን) ከከተማ ውጭ አቁመን የእንግሊዟን የባሕር ዳር ከተማ ዊትቢን በእግር ዞርናት። መንገዱ እንኳን ለካራቫን ለእኛም ይጠባል። ዓሣና ድንች ጥብሳችንን ከባሕር ወፎቹ አትርፈን በልተን (ዓይን አውጣዎች ናቸው!) ወደ ገዳሙ ፍርስራሽ የሚያወጣውን 199 ደረጃ ተያያዝነው።

መሀል ላይ ባለቤቴ ትንፋሽ አጠረውና ያገኘው አግዳሚ ላይ ዘፍ አለ። ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ አንዲት አሮጊት ሳቅ ብለው፣ «እሱ እኮ ለሬሳ ሣጥን ነው የተሠራው» አሉን። ድሮ አስከሬን ከታች ከተማ እላይ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ድረስ በሸክም ይወጣ ነበር። ተሸካሚዎቹ ሣጥኑን እዚያ እያሳረፉ ትንፋሽ ይሰበስባሉ።

ባለቤቴ እመር ብሎ ተነሣ። አማተበ። «ነይ እንሂድ፣ እኔ ገና ነኝ!»

እኔ ግን አግዳሚውን ቆሜ አየሁት። እውነትም ለመቀመጫ ወርዱ በዝቷል። አገር ቤት አያቴን ስንሸኝ ትዝ አለኝ፤ አስከሬኑ እየቆመ፣ ፍታት እየተደረሰ፣ ሰባት ቦታ እያረፈ ነበር የሄደው። የፈረንጅ ቀብር ድሮም በጥቁር መኪና ሽው የሚል ይመስለኝ ነበር። ለካ እነሱም በትከሻ እየተቀባበሉ ነው የኖሩት።

በዚያ የሰሜን ባሕር ንፋስ ያን ሁሉ ደረጃ ሬሳ ይዞ መውጣት ግን፣ የዊትቢ ዕድርተኛ እንዴት ያለ ጉልበት ቢኖረው ነው?