የእኛዋና እንግዳው

ሁለት ዓመት ሙሉ ዓመቱን በሙሉ እዚሁ የምትኖረውን ዝንብ ቀላቢ ወፍ ከአውሮፓ በሚመጣው ዘመዷ ስም ስመዘግብ ኖሬያለሁ። ያረሙኝ ደግሞ ባይኖኩላር በእጃቸው ይዘው የማያውቁ አባት ናቸው።

ጥቅምት ላይ በአንኮበር በኩል ወደ ወፍ ዋሻ ጫካ ሄጄ ነበር። ጫካው ዳር ካለ ኮሶ ላይ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አየሁ። ብድግ ትላለች፣ ዝንቧን አየር ላይ ትቀልባለች፣ ተመልሳ ቁጭ። (ሁለቱንም ዝንብ ቀላቢ የምላቸው ለዚህ ነው።) እኔም ከአውሮፓ የመጣው እንግዳ ነው ብዬ ደብተሬ ላይ ጫር አደረግኩ። አባት አዩኝና ሳቁ፦ «የምን አውሮፓ ነው ልጄ! ክረምቱን ሙሉ ከደጃችን ያልጠፋችው እቺው አይደለች?»

ክው አልኩ። እንግዳው እኮ ክረምታችንን አውሮፓና እስያ ሲፈለፍል ነው የሚያሳልፈው። በእኛ በኩል የሚያልፈው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ አቅጣጫ ሲወርድ፤ ሲመለስ ደግሞ ሚያዝያ አካባቢ።

እንደገና በደንብ አየኋት። ግንባሯ ልሙጥ ነው፣ ደረቷም ደብዘዝ ያለ ጥላ ነገር እንጂ ጥርት ያለ ጭረት የለውም። ክብ ጭንቅላት፣ ድብልብል ያለች፣ ከ12 እስከ 13 ሴንቲሜትር ብትሆን ነው። ሳይንሳዊ ስሟ ሙስሲካፓ አዱስታ፣ የእኛዋ።

እንግዳውን ያገኘሁት በሦስተኛው ቀን ደብረ ብርሃን፣ ባህር ዛፍ አጥር ላይ ነው። ቀጥ ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ ወታደር ይመስል። ወደ 14 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ ቀጠን ያለ፣ ክንፉም ረጅም፤ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ የሚመጣ ወፍ አጭር ክንፍ ምን ያደርግለታል? ግንባሩና አናቱ ላይ ግን በቀጭን ብዕር የተሰመረ የሚመስል ጭረት አለ። አሁን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። እኔን ያሳሳተኝ አንዱ ነገር የእንግሊዝኛ ስሙ ነው፣ «ነጠብጣባሙ» ይሉታል፤ ነጠብጣብ ያለው ጫጩቱ ነው፣ አዋቂው ባለ ጭረት ነው። ሳይንሳዊ ስሙ፣ ሙስሲካፓ ስትሪያታ፣ ይሻላል፦ ስትሪያታ ማለት ባለ ጭረት ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የድሮ ደብተሬን ገልጬ እየሰረዝኩ ነው። ነሐሴ ላይ «እንግዳው» ብዬ የጻፍኩት አንድ ገጽ አለ፣ እሱን ለማንም አላሳይም።