ሦስት ሌሊት በባልባላ

ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲው የናጋድ ባቡር ጣቢያ ስላለው መንገድ ብዙ የምጽፈው የለኝም። ከደወሌ ወዲያ ድንጋይ፣ ግራር፣ አልፎ አልፎ ግመል። አሊ ሳቢህን ስናልፍ እጄን መስኮቱ ላይ ባሳርፍ መስታወቱ አቃጠለኝ። ሰኔ ነበር። «በሰኔ ጅቡቲ አይኬድም» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ፤ ጉዳዩ ግን መስከረምን የሚጠብቅ አልሆነልኝም።

ጉዳዩ የአክስቴ ልጅ ነው። እታለም እላታለሁ፤ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 ኮንዶሚኒየም ተመዘገበች። ከአራት ዓመት በኋላ ጨርቆስ የተከራየቻት አንዲት ክፍል ኪራይ ሲጨምርባት፣ «ዕጣው እስኪወጣ ሠርቼ ልመለስ» ብላ ጅቡቲ ወረደች። ቁጠባውን በየወሩ ባንክ የማስገባላት እኔ ነኝ። ኅዳር 2015 በወጣው 14ኛ ዙር ስሟን ደጋግመን ፈልገን አጣነው። ብሩ ከተዳከመ ወዲህ ደግሞ ቤተሰቡ «ገንዘቡ ተቀምጦ ከሚያልቅ ይውጣና አንድ ነገር ይደረግበት» ማለት ጀመረ። ለማውጣት ውክልና ያስፈልጋል። በስልክ ባነሳሁባት ቁጥር ወሬ ትቀይራለች። ፊት ለፊት ልጠይቃት ሄድኩ።

ናጋድ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ባለታክሲው 5,000 ፍራንክ ጠርቶ በ4,000 ተስማማን። ግማሹ ይበቃ እንደነበር ማታ እታለም ነገረችኝ። ፍራንካቸው ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከዶላር ጋር በ177 እንደታሰረ ነው፤ የእኔ ብር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደወረደ አንባቢ ያውቀዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሺህ ፍራንክ ስከፍል ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር። የባሰው ግን ባለታክሲው እታለም የምትኖርበት ባልባላ ሰፈር ስንደርስ «ውስጥ መኪና አይገባም» ብሎ ከነሻንጣዬ ዋናው መንገድ ላይ ጥሎኝ መሄዱ ነው።

እዚያ ቆሜ ሳለሁ በርሜል የጫነ የአህያ ጋሪ የሚነዳ ልጅ መጣ። ዐሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። አየኝና «ሐበሻ?» አለ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሻንጣዬን ከበርሜሎቹ መካከል ሻጥ አድርጎ በቆርቆሮ አጥሮች መሀል እየተጠማዘዘ ይዞኝ ሄደ። በየደጁ እየቆመ ውኃ ይቀዳል፣ ሳንቲም ይቀበላል፣ እኔን ይጠቁምና የሆነ ነገር ይጠይቃል። በአራተኛው ደጅ እታለም ብቅ አለች። ለልጁ 500 ፍራንክ ብዘረጋለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እምቢ አለኝ። ባለታክሲውን የረሳሁት ያኔ ነው።

ያ ውኃ ሲቀዳ ሳይ ያሰብኩትን ልናገር። ከእኛው ሶማሌ ክልል፣ ከሐደጋላ፣ ለጅቡቲ ከተማ ውኃ የሚያደርስ ቧንቧ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። መብራቱም ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በብዛት ከእኛ ነው የሚሄደው። ይህን ሁሉ ዜና ላይ ሰምቼ ኮርቼበታለሁ። እታለም በምትኖርበት ሰፈር ግን ውኃ አሁንም በአህያ ጋሪ ይመጣል፣ በጄሪካን ይሸጣል። ቧንቧው ተራራና በረሃ አቋርጦ መጥቶ መጨረሻዋ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ መቆሙ እስካሁን አይዋጥልኝም።

ባልባላ የጅቡቲ ከተማ ትልቁ ሰፈር ነው፤ ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ፣ ከባሕሩ ጀርባ ይሰፋል። አመጣጡን የነገሩኝ የግቢው ባለቤት ናቸው። በ1966 (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ዴጎል ሲመጡ ሕዝቡ ነጻነት ብሎ ከተነሣ በኋላ ፈረንሳዮች ከተማዋን በእሾህ ሽቦ አጠሩ። ከገጠር የመጣ ዘላን ያለ ወረቀት እንዳይገባ ነው። መግባት ያልቻለ ሰው ከሽቦው ውጭ እንጨትና ጨርቅ ተከለ፤ ባልባላ ማለት ያ ነው። አገሪቱ በ1977 (እ.ኤ.አ.) ነጻ ወጣች፣ ሽቦውም ተነሣ፣ ሰዉ ግን እዚያው ቀረ። ድርቅ በመጣ ቁጥርም ሌላ ሰው ይጨመርበታል።

የግቢውን ባለቤት «ኤዶ» እንላቸዋለን፤ በሶማልኛ አክስቴ እንደማለት ነው። ልጅነታቸውን ድሬዳዋ ስላሳለፉ አማርኛቸው ቁልጭ ያለ ነው። ግቢያቸው አምስት የቆርቆሮ ክፍሎች አሉት። በአንዷ እታለም ከሁለት የአገሯ ልጆች ጋር ትኖራለች። ኪራዩ ለሦስቱ 21,000 ፍራንክ፣ መብራት ለብቻ። ክፍሏን ስረግጣት በርዝመት አራት እርምጃ፣ በወርድ ሦስት ሆነች። ግድግዳው ከወደብ በወጣ የዕቃ ማሸጊያ ጣውላ ላይ ቆርቆሮ ተመትቶበት የተሠራ ነው፤ ከአልጋዋ በላይ ባለው ጣውላ ላይ የጭነቱ ቁጥር እንደታተመ አለ።

«እንግዳ ውጭ አያድርም» ብለው ክፍሏን ለእኔ ለቀቁልኝ። ክብር መሆኑ ገብቶኛል፤ እንደዚያ ያለ ሌሊት ግን አድሬ አላውቅም። ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይተፋዋል። አንሶላው ከላቤ የተነሣ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ መብራት ሄደና ማራገቢያው ቆመ። ከዚያ በኋላ አየሩ ራሱ የሚታኘክ መሰለኝ። ስምንት ሰዓት ላይ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ግቢው ሙሉ ሰው ነው። አልጋ፣ ምንጣፍ፣ ካርቶን፤ ሕፃናት በየተራ ተደርድረዋል። እታለም ከጓደኞቿ ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ኤዶ ብቻ ነቅተው በካርቶን ቁራጭ የልጅ ልጃቸውን ያራግባሉ። አዩኝና አልሳቁብኝም። «ና ልጄ፣ እዚህ ንፋሱ ይደርሳል» ብለው ምንጣፋቸውን ገፋ አደረጉልኝ። «ቤቱ የዕቃ ነው። ሰው የሚያድረው ግቢው ላይ ነው።»

ተኝቼ ስለ አዲስ አበባ አሰብኩ። ዐሥራ አንድ ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ፣ አምስት ጊዜ ዕቃ ጭኛለሁ። እንግዳ አታብዛ፣ ውኃ አታባክን፣ በር በሦስት ሰዓት ይዘጋል የሚሉ አከራዮች ጋር አርጅቻለሁ። የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ 1320/2016 ሲወጣ፣ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ የሚለውን አንቀጽ አንብቤ ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፍ መደርደሪያ ገዛሁ። እዚህ ደግሞ ውል የሚባል የለም፤ ሁሉም በቃል ነው። ግን ኤዶ እኔን ሦስት ሌሊት ሲያሳድሩ ምን ያህል ውኃ ተጠቀመ ብለው በርሜሉን ሲያዩ አላየሁም። ስወጣ ስገባ በር ላይ የሚጠይቀኝ አልነበረም። ይህን ስጽፍ እንኳን ደስ ይለኛል።

ጠዋት «ኤዶ፣ ለምን በብሎኬት አይሠሩትም?» አልኳቸው። «የያዝኩት ጊዜያዊ ወረቀት ነው» አሉኝ። «በድንጋይ ሠርቼ ተነሺ ቢሉኝ ድንጋዩን ተሸክሜ ልሄድ ነው? ቆርቆሮ ይነቀላል።»

በማግስቱ ከእታለም ጋር ወደ ሥራዋ ወጣሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ሚኒባሱ ሞልቷል፤ 50 ፍራንክ ከፍለን አምቡሊን ተሻገርን። የምትሠራው ሐራሙስ ነው፣ ባሕሩ ዳር፣ ትልልቅ ቪላና ኤምባሲ ያለበት ሰፈር። አጥሮቹ ነጭ፣ መንገዱ ጸጥ ያለ፣ ከየግቢው የማቀዝቀዣ ድምፅ ይሰማል። መስኮት የተከፈተ ቤት አላየሁም። ንፋሱ ባልባላ ሳይደርስ የሚያልፈው በእነዚህ ዝግ መስኮቶች ላይ ነው። በሩ ላይ ስንለያይ «ባሕሩን ታይዋለሽ?» አልኳት። «መስኮት ስወለውል» አለችኝ።

ምኒልክ አደባባይ አካባቢ አንድ ደላላ አግኝቼ ለወሬ ያህል ኪራይ ጠየቅሁ። ሁለት ክፍል አፓርትማ፣ 130,000 ፍራንክ፣ የሦስት ወር ቅድሚያ። ለምን ይህን ያህል ስለው በጣቱ እየቆጠረ የጦር ሰፈሮቹን ጠራልኝ፦ ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ጣሊያን፣ ቻይና። «አከራይ በዶላር የሚከፍል ካገኘ እኔንና አንተን ምን ያደርጋል?» አለ። በእርግጥ እሱ ብቻ አይመስለኝም፤ ሲሚንቶው ሁሉ ሲገዛ ውድ ነው፣ ሰዉም አብዛኛው በዚህች አንዲት ከተማ ተጠቅጥቋል። ግን የደላላው ቁጥር ከጆሮዬ አልጠፋም፤ እታለም በድርሻዋ የምትከፍለውን ሃያ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ምሳ በታንዱር የተጠበሰ የየመን አሳ በላሁ። ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በበርበሬ ተለውሶ፣ እንደ ትራስ ከሰፋ ስስ ቂጣ ጋር በጋዜጣ ላይ ይቀርባል። በእጄ እስከ አጥንቱ ድረስ ጨረስኩት። በዚያ ጉዞ ሌላ ምንም ባይኖር ለእሱ ብቻ እመለሳለሁ። እኩለ ቀን ላይ ጫት የጫኑ መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ ገቡ፤ ከዚያ ሱቁ ሁሉ ተዘጋ፣ ከተማው እስከ ዐሥር ሰዓት ተኛ።

በመመለሻዬ ፒኬ 12 ወረድኩ፤ የአገሬ ሹፌሮች ወደብ ለመግባት ወረፋ የሚጠብቁበት ነው። ከተሳቢዎቹ ሥር ፍራሽ አንጥፈው፣ ጎማ ተደግፈው ይተኛሉ። አንዱ ቡና አፍልቶ ጠራኝና አብሬው ተቀመጥኩ። ሰባት ቀኑ ነው። «እዚህ የሆቴል አልጋ ይዤማ ለልጆቼ ምን ይዤ እገባለሁ?» አለኝ። አገሬ የምትበላውን ስንዴና የምትነዳበትን ነዳጅ የሚያመላልሱ ሰዎች ናቸው። የሚታጠቡበትና ጎናቸውን የሚያሳርፉበት ጥላ እንኳ በአቅማቸው ልክ አለማግኘታቸው አንገበገበኝ፤ አሁንም ያንገበግበኛል።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ግቢው ሲተኛ፣ ለእታለም የውክልናውን ነገር አነሣሁላት። እንደ ስልኩ ወሬ አልቀየረችም። ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባችና በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። የ2005ቱ የምዝገባ ወረቀት ነው። በእርጥበቱ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፣ ስሟ ግን ይነበባል።

«ስምንት ዓመቴ ነው እዚህ» አለች። «የምተኛበት ግቢ ላይ ስሜ የለም፣ የምሠራበት ቤት ስሜ የለም። አንድ ቤት ይሰጠኛል ብሎ ስሜን የጻፈ ይኸ ብቻ ነው። ገንዘቡን አውጥተን ምን እንግዛበት ወንድሜ፣ ቆርቆሮ?»

«ዕጣው ባይወጣስ እታለም?»

«ባይወጣም ስሜ አይውጣ።»

ወረቀቱን መልሳ ጠቀለለችና ከቀሚሷ ኪስ አንድ 10,000 ፍራንክ አውጥታ እጄ ላይ አደረገች፤ የሚቀጥሉት ወራት ቁጠባ ነው። ኤዶ ከምንጣፋቸው ላይ ሆነው «ሰማሁ፣ ሰማሁ» ብለው ወደ ሌላ ጎናቸው ዞሩ።

ጠዋት ባለጋሪው ልጅ ሻንጣዬን እንደገና ከበርሜሎቹ መካከል አስገባው። ያልተፈረመው የውክልና ቅጽ ከሸሚዞቼ በታች ነበር።